ሩብ ሰዓት ያልጠየቀው ሰው

ይህን ለመጻፍ መድፈሬን ይቅር በሉኝ። የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ ዕድሜዬን ሙሉ የያዝኩት የመብራት ገመድና መሰላል ነው፣ እርሳስ ስይዝ ጣቶቼ ይደነብራሉ። ስለ አርተር ፖብጆይ የሚጽፍ የተሻለ ሰው ይመጣል ብዬ ብጠብቅ ብጠብቅ ማንም አልመጣም። እንግዲህ የፊደሉን ግድፈት እንዳላየ እለፉት። «አንቱ» ማለት ሲገባኝ «እሱ» እያልኩ የጻፍኩትም ንቄው አይደለም። ራሱ አርተር አንቱ ሲባል ሌላ ሰው የመጣ እየመሰለው ወደ ኋላው ይዞር ነበር።

አርተር ፊልም አዘጋጅ ነበር። እንዲህ ሲባል ሰው ሁሉ ጥቁር መነጽርና ወፍራም ሲጋራ ይታየዋል። እሱ ግን የሒሳብ አስተማሪ ነበር የሚመስለው፤ ቡናማ ሹራብ፣ ደረት ኪሱ ላይ የተላጨ እርሳስ፣ ጫማው ላይ ሁልጊዜ የሆነ ቤት ቀለም። ጠዋት ከሚኖርበት ከዋትፎርድ በአውቶቡስ ይመጣል፣ ማታ በዚያው ይመለሳል። አውቶቡስ ውስጥ ሰዎች ስለ ፊልም ሲያወሩ መስኮት መስኮቱን ያያል፤ ወሬው ስለ እሱ ፊልም ሆኖ አያውቅማ።

አርተር የሚሠራው ማሟያ ፊልም ነው። ያን ጊዜ ሲኒማ ቤት በአንድ ትኬት ሁለት ፊልም ያሳያል። ሰው የሚመጣው ለዋናው ነው፤ ከዋናው በፊት ግን አንድ ሰዓት ከምናምን የምትፈጅ ርካሽ ፊልም ትታያለች። የአርተር እሷ ናት። እሷ ስትታይ ሰው እርጥብ ካፖርቱን ያወልቃል፣ በጨለማ ወንበር ይፈልጋል፣ የሰው እግር ይረግጣል፣ የከረሜላ ወረቀት ያንኮሻኩሻል። አርተር ይህን አሳምሮ ስለሚያውቅ መጀመሪያው ላይ ቁም ነገር የሚባል አያስገባም። «ሬሳው ከመገኘቱ በፊት ሰው ይቀመጥ» ይል ነበር። ገዳዩ ማን እንደሆነም ሁለቴ ያስነግራል፣ አንዴ ለተቀመጡት፣ አንዴ ደግሞ አይስክሬም ሊገዙ ወጥተው ለተመለሱት።

እዚህ ሥራ ውስጥ የገባው በዓሣ ነው። አባቱ ዓሣ ነጋዴ ነበሩ። አርተር ጎረምሳ ሳለ ለአንድ የገበያ ትዕይንት የሚሆን ዓሣ ስቱዲዮ ድረስ ይዞ መጣ። ዓሣው በመብራቱ ሙቀት ሸተተ፣ ሌላ አምጣ ተባለ። ያም ሸተተ። ሌላ ሲያመጣ «ከዚህ ሁሉ ምልልስ እዚሁ ብትቀመጥ አይሻልህም?» ብለው ቀጠሩት። ፊልም ገና ድምፅ አልነበረውም። የትዕይንቱ ቁጥር የተጻፈበትን ሰሌዳ ካሜራው ፊት ይይዛል፣ ይጠርጋል፣ ወንበር ያመላልሳል። ቀስ በቀስ ረዳት ሆነ።

ሚስቱን ኢናን ያገኛትም እዚያው ነው። ኢና ሰው ሠራሽ ፀጉር ከሚሸጥበት ሱቅ ሳጥን ይዛ መጥታ በር ላይ ቆማለች። የመብራት ሰዎች ትንሿን መብራት «ሕፃን» ነው የሚሏት፣ ማጥፋቱን ደግሞ «መግደል»። ከላይ አንዱ፦

«አርተር፣ ሕፃኑን ልግደለው ወይስ ይቆይ?» ብሎ ጮኸ።

አርተር ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ «ግደለው፣ ከዚህ በኋላ ምን ያደርግልናል» አለ።

ኢና በሩጫ መጥታ በሳጥኑ አናቱን አለችው። ሳጥኑ ተከፍቶ የሆነች ልዕልት ቢጫ ሹሩባ ትከሻው ላይ ተንጠለጠለ።

«አረመኔ! የታል ሕፃኑ?»

«ያውልሽ፣ እዚያ ላይ። ገና ትኩስ ነው፣ እንዳትነኪው» አላት መብራቱን እያሳያት።

ዓመት ሳይሞላ ተጋቡ። ኢና እስከ ዛሬ፣ «ያን ቀን ባልመታው ኖሮ ቀና ብሎም አያየኝም ነበር» ትላለች።

በጦርነቱ ጊዜ ሠራዊቱ ወሰደውና የማስተማሪያ ፊልም አሠራው። ካልሲ እንዴት እንደሚታጠብ፣ የኩሬ ውኃ ለምን እንደማይጠጣ፣ በእግር ጣት መካከል ዱቄት እንዴት እንደሚነሰነስ። ይኼ የእግር ፊልም ነው በሕይወቱ አንድ ጊዜ በሰው ፊት ያስከበረው። መጠጥ ቤት ተቀምጦ ሳለ አንድ ግዙፍ ሰውዬ መጥቶ ጀርባውን ደለቀው።

«የእግሩን ፊልም የሠራኸው አንተ ነህ አሉኝ፤ እውነት ነው?»

«አዎ... ምነው?» አለ አርተር ፈርቶ።

«አቤት እግር! ወንድሜ፣ ዛሬም ገላዬን ታጥቤ ጣቶቼን ሳደርቅ አስብሃለሁ። ምን ልጋብዝህ?»

አርተር ሳምንቱን ሙሉ ሲያፏጭ ከረመ።

ከጦርነቱ በኋላ ማሟያ ፊልሞቹን ያለ ዕረፍት ሠራ። ካፖርት የለበሱ መርማሪዎች፣ የጠፋ የአንገት ሐብል፣ ጭጋግ። ጭጋጉ ረከስ ይላል፣ በስተጀርባ ቤት መሥራት አያስፈልግማ። የእንጨት ደረጃ የነበረን አንድ ነው፤ ያው ደረጃ አንዴ ነጭ ተቀብቶ ሆስፒታል ይሆናል፣ አንዴ ቡናማ ተቀብቶ የሎርድ ቤት። ይህን ነቅተው የያዙት የኢና እናት ብቻ ናቸው። «አርተር፣ ይኼ ሎርድ ባለፈው በሽተኛው የሞተበት ደረጃ ላይ ምን ይሠራል?» ብለው እሑድ ምሳ ላይ ሲጠይቁት የበላው ድንች ትን አለው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ፤ ወሬ አበዛሁ መሰለኝ።

በእኛ ስቱዲዮ ሥራ የሚያበቃው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ካሜራው ፊት ማንም ይቁም ማን፣ ተኩል ሲል መብራት ይጠፋል። አዘጋጁ የጀመረውን ልጨርስ ካለ «ሩብ» ይጠይቃል፣ ሩብ ሰዓት ማለት ነው። ራሱ ግን አይጠይቅም። ለረዳቱ ይነግራል፣ ረዳቱ ለሠራተኛ ማኅበሩ ተጠሪ ይነግራል፣ ተጠሪው ሠራተኛውን ይጠይቃል፣ ሰዉ እጁን ያወጣል። የመብራት ሰዎቹም ሆኑ አናጢዎቹ፣ አንዱ ክፍል እንቢ ካለ አበቃ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ። ትልልቆቹ አዘጋጆች በየቀኑ ሩብ ይጠይቁ ነበር፣ በየቀኑም ከጀርባ ይታሙ ነበር። አርተር ግን በዚያ ሁሉ ዓመት ጠይቆ አያውቅም። ተኩል ሳይሞላ ይጨርሳል፣ ባርኔጣውን ያነሣል፣ «ተባረኩ ልጆች» ብሎ ወደ አውቶቡሱ። እኛ ለዚህ እንወደው ነበር። ፕሮዲዩሰሩ ሚስተር ጋስኮይንም ለዚሁ ይወዱት ነበር፣ የእሳቸው መውደድ ከኪሳቸው በኩል ቢሆንም።

ታዲያ አንድ የኅዳር ሐሙስ፣ የአንድ ማሟያ ፊልም የመጨረሻ ቀን ላይ፣ ሚስተር ጋስኮይን ጠዋት መጡና ክንዱን ይዘው ጥግ ወሰዱት።

«አርተር፣ ጣልያን ሄደህ ታውቃለህ?»

«በካርታ።»

«በፀደይ ትሄዳለህ። ባለ ቀለም ፊልም። ዋና ፊልም! ሰው ቁጭ ብሎ የሚያየው።»

 ወሬው ቀደም ብሎ ሽው ብሎ ነበር፤ ኢናማ ሰፊ የገለባ ባርኔጣ ገዝታ በዚያ የኅዳር ዝናብ ሳሎን ውስጥ አድርጋው ትዞራለች፣ ልልመደው ብላ። ግን ከሰውየው አፍ ሲሰማው ሌላ ነው።

«አንድ ነገር ብቻ» አሉ ሚስተር ጋስኮይን። «ገንዘቡን የሚያወጡት ሰዎች አያውቁህም። እኔ ሩብ ጠይቆ የማያውቅ አዘጋጅ አለኝ አልኳቸው፣ እንዲህ ያለ ሰው በዓለም የለም ብለው ተወራረዱኝ። ዛሬ ስትጨርስ እደውልላቸዋለሁ። እንዳታሳፍረኝ።»

«ሩብ? እኔ?» አለ አርተር እየሳቀ።

ያ ሳቅ ነው ጦሱ። ልቡ ጣልያን ገብቶ ሰዓቱን ረሳው። እኛ ዘንድ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የሻይ ጋሪ ይገባል። ሚስስ ቱኬት ናቸው የሚገፉት፤ ትልቅ የሻይ ማፍያ፣ ወተት፣ ቤከን ያለበት ትኩስ ዳቦ። በዚያች ሰዓት ካሜራ የሚያስነሣ ሰው የለም፤ ጀማሪ እንኳ አያደርገውም። አርተር አደረገው። «ጀምሩ!» ከማለቱ የጋሪው ጎማ ሲጢጢጢ እያለ ገባ፣ ቀረጻው ተበላሸ። እሱም፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀው ሰውዬ፣ ጮኸ።

«ያንን ቆርቆሮ ከፊቴ አጥፉልኝ!»

 መዶሻ የያዘው መዶሻውን እንደያዘ ቀረ። ሚስስ ቱኬት ቀስ ብለው የሽርጣቸውን ጫፍ አስተካከሉ።

«ጋሪው ሰምቶዎታል፣ ሚስተር ፖብጆይ» አሉ። «ጆሮ አለው።»

ጋሪውን አዙረው፣ ሻዩንም ቤከኑንም እንደያዙ፣ ሲጢጢጢ እያሰኙ ወጡ። ሽታው ብቻ ቀረን።

የማኅበሩ ተጠሪ ቴድ ማልኪን ከላይ ከመብራቱ ጎን ቁልቁል አየው። «አለቃ፣ ምን ነክቶሃል? ጣልያን ሳትሄድ ጄኔራል ሆንክብን እኮ!»

አርተር ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ይቅርታ ሊል ፈለገና ሰዓቱን አየ፣ ተወው። የከሰዓቱም ሻይ ሳይመጣ ቀረ። ሻይ ያልጠጣ የመብራት ሰው ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ማስረዳት ከባድ ነው። ማንም አላመፀም፤ ግን መሰላሉ ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፣ አንድ ምስማር ለመፈለግ ሁለት ሰው ጎንበስ አለ። ቀኑ እንደ ሙጫ ተጎተተ።

የቀረው የመጨረሻው ትዕይንት ነበር። ታሪኩ እንዲህ ነው፤ አንዲት አሮጊት ቤታቸውን ያከራዩት ጨዋ ተከራይ ሌባና ገዳይ ሆኖ ይገኛል። ፖሊስ ይዞት ከወጣ በኋላ አሮጊቷ ኮሪደሩ ላይ ቆመው አንድ ነገር ይላሉ፤ «እግሩን ሳይጠርግ ገብቶ አያውቅም ነበር።» በቃ ይኸው ነው።

አሮጊቷን የሚጫወቱት ሚስ ዴንቢ ናቸው። ድምፅ ባልነበረበት ዘመን ፊታቸው በየከተማው ግድግዳ ላይ ነበር አሉ። ያን ጊዜ አርተር ዓሣውን ትቶ ሰሌዳ መያዝ የጀመረው በእሳቸው ፊልም ላይ ነው፤ ሰሌዳውን እዚህ ይይዛል፣ የእሳቸው ፊት እዚህ። እሳቸው አያስታውሱትም። አሁን ሰባ አልፏቸው ምሳቸውን በመሐረብ ቋጥረው በአውቶቡስ ይመጣሉ። በምሳ ሰዓት የተቀቀለ እንቁላል እየላጡ ጠሩት።

«የኔ ልጅ፣ ፊቴን በቅርብ ታነሣኛለህ?»

«ጊዜ ካለን፣ ሚስ ዴንቢ።»

«ካለን ማለት የለንም ማለት ነው» አሉ ሳቅ ብለው። «ግድ የለም። ካሜራ ወደኔ መምጣት ካቆመ ቆይቷል። አሁን እኔ ነኝ ወደሱ የምሄደው፤ በር ከፍቼ 'እራት ቀርቧል' ብዬ እወጣለሁ። እንቁላል ትበላለህ?»

አርተር እንቁላሉን በላ፤ እንቢ ማለት አልሆነለትም። በዕቅዱ ላይ ያ ትዕይንት ከሩቅ አንድ ጊዜ ብቻ የሚነሣ ነበር፤ ማሟያ ፊልም ነው፣ ፊት ለፊት ካሜራ ማመላለስ ለሀብታሞች ነው።

ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ከሩቅ አነሡት። ካሜራው ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው። አርተር ግን ከበሩ ጎን፣ ሚስ ዴንቢ አጠገብ ቆሞ ነበር። «እግሩን ሳይጠርግ ገብቶ አያውቅም ነበር» ሲሉ እሱ የጠበቀው ንዴት ነበር፤ ወረቀቱ ላይም «በንዴት» ነው የሚለው። እሳቸው ግን እንደ እናት ነው ያሉት። ልጇን ሲወስዱባት ለጎረቤት የምታወራ እናት።  አርተር ወዲያው ካሜራውን አየ። ከዚያ ርቀት ካሜራው ያየው ባርኔጣና ሽርጥ ነው።

«በቃ!» አለ። ረዳቱ ዴሪክ ድምፁ የገደል ማሚቶ የሚጠራ ሰው ነው፤ «ጥሩ ነው አለቃ? ይዘነዋል? እንበተን?» አለ።

«ጥሩ ነው» አለ አርተር። ባርኔጣውን አደረገ። አወለቀ። እንደገና አደረገ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «ዴሪክ... ሩብ ጠይቅልኝ» አለ።

ዴሪክ አልገባውም። «ሩብ ምን? ከረሜላ?»

«ሩብ ሰዓት።»

ያን ጊዜ ነው ሁላችንም ዞረን ያየነው። ሚስተር ጋስኮይንም በር ላይ ደርሰው ነበር፣ ሰዓታቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ደስ ብሏቸው።

«አርተር! ጨረስን አይደል? ልደውል?»

«ገና ነን፣ ሚስተር ጋስኮይን። ፊታቸውን አላነሣሁም።»

«የማንን ፊት?»

«የሚስ ዴንቢን።»

«የማሟያ ፊልም ፊት ማን ያየዋል? ሰው ካፖርቱን እያወለቀ ነው! አንተው አይደለህ እንዴ እንዲህ የምትል?»

«ይኼ መጨረሻው ላይ ነው» አለ አርተር። «በዚያ ሰዓት ሰው ሁሉ ተቀምጧል።»

ሚስተር ጋስኮይን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስማኝ። ሩብ ከጠየቅህ ስልኩ ላይ የምለው የለኝም። ሌላ ሰው ይሄዳል። ገብቶሃል? ጣልያን፣ አርተር።»

«ገብቶኛል።»

እንዲህ ብሎ ወደ ቴድ ዞረ። 

ቴድ ከመሰላሉ ወረደ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። «አለቃ፣ ለአንተ ሲሆን ሁለቱንም እጄን ባወጣሁ። ግን ሰዉ ከጠዋት ጀምሮ ደረቅ ነው። ጉሮሮው አቧራ ነው። ይኼን ነገር ከኔ በላይ የሚወስኑ ሰው አሉ» አለና በአገጩ ወደ ሻይ ቤቱ አመለከተ።

አርተር ሮጠ። ሲሮጥ ያየነው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ክንዶቹ ለየብቻ የሚሄዱ ይመስላሉ። ሚስስ ቱኬት ማፍያውን በጨርቅ እየወለወሉ ነበር።

«ተዘግቷል» አሉ ዞር ሳይሉ።

«ሚስስ ቱኬት፣ ጠዋት የተናገርኩት ለርስዎ አልነበረም።»

«ለጋሪው ነበር። ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ...»

«ታዲያማ የተቀየመው ጋሪው ነው። እኔ ምን አገባኝ? ያውልዎ፣ እዚያ ነው።»

አርተር ጋሪውን አየ፣ እሳቸውን አየ። ሲቀልዱ አይመስሉም። የግድግዳው ሰዓት ሊሞላ ነው። ባርኔጣውን አወለቀና ጎንበስ አለ።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አለው ለጋሪው።

«አልሰማም። ጎማው ያረጀ ነው፣ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ። ጠዋት ከፍ ያደርጉ የለ?»

«ይቅርታ አድርግልኝ! ይህን ሁሉ ዓመት አብልተኸኝ አጠጥተኸኝ ቆርቆሮ አልኩህ! ባለጌ ነኝ!»

ሚስስ ቱኬት ጨርቁን አፋቸው ላይ አደረጉ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅሱ መስሎት ደነገጠ። እየሳቁ ነበር።

«በሉ ይግፉት» አሉ። «ሻዩን ከሰማይ ነው የሚያገኙት? ማፍያው ትኩስ ነው፤ እንደሚመጡ አውቅ ነበር። ዳቦው ግን ደርቋል፣ የእርስዎ ጥፋት ነው።»

አርተር ጋሪውን ራሱ እየገፋ ገባ። ሲጢጢጢ! ሰዉ ሁሉ እንደ ኳስ ሜዳ ጮኸ። ቴድ «ሩብ የምትሰጡ!» ሲል እጅ ወጣ። አንድ ሽማግሌ አናጢ ብቻ እጁን አጣጥፎ ቆመ።

«አንተስ ምን ሆንክ?» አለው ቴድ።

«እጄን ካወጣሁ ዳቦዬን ማን ይይዝልኛል?»

ቴድ ያዘለት። አናጢው እጁን አወጣ። ሚስተር ጋስኮይን ሰዓታቸውን ኪሳቸው ከተው፣ ወደ ስልኩ ሄዱ።

ሚስ ዴንቢ ሹራባቸውን መቀየር ጀምረው ነበር። ካሜራው ሲገፋ ዐይተው፣ «ምን ረሳሁ?» አሉ።

«እርስዎ ምንም። የረሳነው እኛ ነን» አለ አርተር።

ካሜራው ቀረበ። እሳቸው በርቀቱ ልክ አንገታቸውን ትንሽ አቃኑ፣ ያ ልማድ አልለቀቃቸውም። አርተር ያን ሰሌዳ የያዝኩልዎ እኔ ነበርኩ ሊላቸው አፉ ላይ መጣ፤ ከሩቡ ላይ ሻዩ ግማሹን በልቶታል፣ ዋጠው።

«ጀምሩ!»

ድምፅ የሚቀዳው ሰውዬ እጁን አነሣ። «ቆይ ቆይ! ማን ነው የሚያኝከው?»

ሁላችንም አፋችን ሙሉ ነበር። ማኘክ አቆምን። አንዱ ጉንጩ እንዳበጠ ለመዋጥም ፈርቶ ቀረ። እንደገና «ጀምሩ» ተባለ።

ሚስ ዴንቢ ቃሉን ከበፊቱ ይበልጥ ዝቅ አድርገው ተናገሩ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ያልነበረ ነገር አደረጉ። ከንፈራቸውን ወደ ውስጥ ሰበሰቡ፣ መርፌ በአፏ እንደያዘች ልብስ ሰፊ፣ አንድ ነገር ከተናገሩ የሚወጋቸው ይመስል። በሩን አዩ። ብዙ ቆዩ። አርተር «በቃ» ማለቱን ረሳው፤ ካሜራው ውስጥ ያለው ፊልም አልቆ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ሲል ነው የቆመው። ያ ጉንጩ ያበጠው ሰው የዋጠው ያን ጊዜ ነው።

ሚስ ዴንቢ ቦርሳቸውን አነሡ። «ከበፊቱ ይሻላል አይደል?» አሉ፣ አርተር ራሱን ነቀነቀ፣ እሳቸውም አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው ቶሎ ቶሎ ወጡ።

ሚስተር ጋስኮይን ኮሪደሩ ላይ አገኙት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። «የሳሙና ማስታወቂያ የሚሠራ አንድ ወጣት ይሄዳል» አሉት። «ደግሞ ያሳዝናል፤ በከንቱ ነው የደከምከው። ፊልሙ ርዝመቱ ሞልቷል። ሲኒማ ቤቶቹ ከዚያ በላይ አይቀበሉንም። ፊልም ቆራጩ ጠዋት ፊቷን አውጥቶ ይጥለዋል። መኪናዬ ያለችበትን እንዳይነካ ነግሬዋለሁ።»

መኪናቸው እውነትም ፊልሙ ውስጥ አለች። በማሳደዱ ላይ ሌባው የሚነዳት እሷን ነው፤ አረንጓዴ፣ የተወለወለች፣ ምንም እንኳ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ቢሆን። አንድ ጥግ ትዞራለች፣ ሌላ ጥግ ትዞራለች፣ ከዚያ ያችኑ የመጀመሪያዋን ጥግ ከሌላ አቅጣጫ ትዞራለች። ሚስተር ጋስኮይን ፊልሙን ባዩ ቁጥር ያቺ ስትመጣ ወንበራቸው ላይ ይቃኑ ነበር።

አርተር ቤቱ ሲደርስ ኢና የገለባ ባርኔጣዋን አድርጋ ቋሊማ እየጠበሰች ነበር። ፊቱን አይታ ምጣዱን ከእሳቱ አወጣች።

«ቀረ?»

«ቀረ። ሩብ ጠየቅሁ።»

«አንተ? ምን ሆነህ?»

«ለአንድ ሴት ፊት።»

ኢና ወገቧን ያዘች። «ቆንጆ ናት?»

«ሰባ አልፏቸዋል። እንቁላል ሰጡኝ።»

ኢና ለመናደድ ሞከረች፣ አልሆነላትም። ባርኔጣዋን አውልቃ አየችው፣ መልሳ አደረገችው። «ይሁን፣ ቦግነር ባሕር ዳርቻ ላይ አደርገዋለሁ። የዚያን ዝናብ ያስጥላል» አለች። ትንሽ ቆይታ ቋሊማውን እያቀረበች፣ «ደህና ነበሩ ወይ ግን?» አለችው።

አርተር ሹካውን አስቀመጠ። «ኢና፣ እንዲህ ያለ ነገር አንሥቼ አላውቅም። ነገ ግን ይጥሉታል። ፊልሙ ሞልቷል፤ አንዱ ካልወጣ ሌላው አይገባም።»

«ታዲያ ሌላ የሚወጣ የለውም?»

«የሚስተር ጋስኮይን መኪና አለች» አለ አርተር። ኢና ድንች ጨመረችለት።

በማግስቱ ጠዋት አርተር የዕረፍት ቀኑ ነበር። ከወትሮው በፊት ተነሥቶ፣ ያቺኑ ቡናማ ሹራብ ለብሶ፣ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ያዘ። ፊልም ቆራጩ ገና እጁን በማሞቂያው ላይ እያሞቀ ነበር፣ ሌሊቱን ታጥቦ የመጣው ፊልም በቆርቆሮው ውስጥ ሳይከፈት ተቀምጧል። አርተር ካፖርቱን ሰቀለ፣ ቆርቆሮውን ከፈተ፣ የሚስ ዴንቢን ፊት ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ማሳደዱን ፈልጎ አገኘውና ቢላው ሥር አስገባ።

«የሚስተር ጋስኮይን መኪና ናት እኮ» አለ ቆራጩ።

«አውቃለሁ፤ በጣም ቆንጆ መኪና ናት» አለ አርተርና ቆረጣት።

የሚስ ዴንቢን ፊት መጨረሻው ላይ አስገብቶ ለጠፈና፣ ማጣበቂያው እስኪደርቅ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ይዞ ቆመ።